የትካዜ ሕመምና የወጣቶች ልብ

በአገራችን አነጋገር ልብ የማይገባበት ነገር የለም። ሰው ሲያዝን ልቡ ተሰበረ፥ ሲፈራ ልቡ ራደ፥ ተስፋ ሲቆርጥ ልቡ ሞተ፥ ሲጽናናም ልቡ ተመለሰ ይባላል። አባቶቻችንም ልብ ካዘነ እንባ አይገድም ብለው ተርተዋል። ይህ ሁሉ ለምሳሌ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። ነገር ግን የሕክምና ሊቃውንት ብዙ ዘመን የፈጀ ምርመራ ካደረጉ በኋላ፥ የመንፈስ ትካዜና በደረታችን ውስጥ ያለው የሥጋ ልብ ሕመም የተያያዙ መሆናቸውን፥ ይህም መያያዝ ገና በወጣትነት ዘመን የሚታይ መሆኑን አስታውቀዋል። ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንናገረው ስለዚሁ ነገር ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሡን አንድ የቆዩ ወዳጃችን ናቸው። እኒህ ሰው ብዙ ዘመን በመንግሥት ሥራ አገልግለው አሁን በጡረታ ላይ የሚገኙ አባት ናቸው። ሰሞኑን ወደ እኛ መጥተው ስለ ሃያ ስምንት ዓመት ልጃቸው እንዲህ ሲሉ አጫወቱን። «ይህ ልጅ ትምህርቱን በደኅና ጨርሶ ሥራ ከያዘ በኋላ ስንፍና ገባበት። ረፋድ ሳይሆን ከአልጋው አይነሣም። ባልንጀሮቹ ሲመጡ የለም በሉ ይላል። ገበታ ቀርቦለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል። ገሠጽሁት፥ አልመለሰልኝም፤ በዘመድ አስመከርሁት፥ ዝም አለ። በመጨረሻ ደረቴን ይጨንቀኛል ቢል ወደ ሐኪም ይዤው ሄድሁ። ሐኪሙም በተለያየ ቀን እየደጋገመ ቢለካው የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ለዚህ መድኃኒት ይሰጠዋል ብዬ ስጠብቅ፥ ስለ እንቅልፉና ስለ ሐሳቡ፥ ደስታ ከራቀው ስንት ጊዜ እንደ ሆነው ይጠይቀው ጀመር። የደም ግፊት የሚያክም ሰው ስለ ትካዜ መጠየቁ ምን አግብቶት ነው?»

የወዳጃችን ጥያቄ የብዙ አባቶችና እናቶች ጥያቄ ስለ ሆነ፥ የምናውቀውን ያህል በዝርዝር ልንመልስ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ትካዜ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ዘመድ የሞተበት ሰው ያዝናል፤ ከሹመቱ የወረደ ወይም ገንዘቡን ያጣ ሰው ይተክዛል። ይህ የሰው ጠባይ እንጂ ሕመም አይደለም። ለቅሶ ደራሽ ሲያጽናናው፥ ጊዜም ሲያልፍ፥ ኀዘኑ እየቀለለው ይሄዳል። በዛሬው አነጋገር ድብርት የሚባለው ሕመም ግን ከዚህ ይለያል። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት፥ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር አኳኋን፥ ከሁለት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ ልቡ ይከብደዋል፤ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኘው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣበታል። ከዚህም ጋራ እንቅልፍ ይነሣዋል ወይም ያበዛበታል፤ የምግብ ፍላጎቱ ይለወጣል፤ ሰውነቱ ይዝላል፤ ሐሳቡን መሰብሰብ ይሳነዋል፤ ራሱን የማይረባ አድርጎ ይቈጥራል፤ አንዳንድ ጊዜም ሞትን ይመኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ማለት እግሩ የተሰበረውን ሰው ለምን አትሮጥም ብሎ እንደ መቈጣት ያለ ነው።

አሁን ወደ ልብ እንመለስ። ስለዚህ ነገር ከሚነገሩት ምስክሮች ሁሉ እኛን ይበልጥ ያስደነቀን በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት የተደረገው ምርመራ ነው። ካሮላይን ቤደል ቶማስ የተባሉ ሴት ሐኪም በ1948 ዓ.ም. አንድ ሐሳብ አሰቡ። ሰው በልብ ሕመም ከወደቀ በኋላ ምክንያቱን ከመፈለግ፥ ጤነኛ ሳለ መርምሮ፥ ጠባዩንና ኑሮውን ጽፎ፥ ከዚያም እስከ ሽምግልናው ድረስ መከታተል ይሻላል አሉ። ለዚህም ሩቅ ሳይሄዱ በፊታቸው ያሉትን የሕክምና ተማሪዎች መረጡ። ከ1948 እስከ 1964 ዓ.ም. ድረስ ወደ ትምህርት ቤቱ የገቡት ወጣቶች የደም ግፊታቸው ተለካ፤ በደማቸው ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ ተመረመረ፤ ትምባሆ ማጨሳቸው፥ ቡና መጠጣታቸው፥ የወላጆቻቸው ጤና ሁሉ በመዝገብ ተጻፈ። ተማሪዎቹ ተመርቀው በየአገሩ ከተበተኑ በኋላም ስለ ጤናቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ ይደርሳቸው ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ በ1998 ዓ.ም. ዳንኤል ፎርድ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው መዝገቡን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የታየው የ1,190 ወንዶች ታሪክ ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ከመቶው ዐሥራ ሁለቱ ያህል በድብርት ሕመም ተይዘው ነበር። በድብርት የተያዙትም ካልተያዙት ይልቅ ለልብ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ሕመም ሁለት እጥፍ ያህል አግኝቷቸዋል። እዚህ ላይ አንባቢ፥ ምናልባት እነዚያ ሰዎች ቀድሞውንም ትምባሆ የሚያበዙ ወይም የደም ግፊት ያለባቸው ይሆናሉ ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ጥርጣሬው የተገባ ነው፤ መርማሪዎቹም ይህንኑ ጠርጥረው መዝገቡን አገላብጠዋል። ነገር ግን በኋላ ድብርት የያዛቸውና ያልያዛቸው ሰዎች በተማሪነታቸው ዘመን በደም ግፊት፥ በኮሌስትሮል፥ በማጨስ፥ በውፍረትም ሆነ በወላጆቻቸው የልብ ሕመም የሚለያዩ ሆነው አልተገኙም። የተገኘው ልዩነት በኋላ የታመሙት ቡና አብዝተው የሚጠጡ መሆናቸው ነው። ይህም ቢሆን በሒሳቡ ውስጥ ገብቶ ሲታሰብ፥ የትካዜው ጉዳት በስፍራው ጸንቶ ቀረ። ስለዚህ ቡና ወዳዱ አንባቢያችን ስኒውን በፍርሃት እንዳያስቀምጥ እንለምነዋለን።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ጉዳቱ ትካዜው በያዘበት ወራት ብቻ የሚታይ አልነበረም። ድብርቱ መጀመሪያ ከያዘ ከዐሥር ዓመት በኋላ በመጣውም ድንገተኛ የልብ ሕመም ላይ ታይቷል። በሃያና በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ተዘርቶ በአርባና በኀምሳ ዓመት የሚታጨድ ክፉ ዘር አለ ማለት ነው። ደግሞም እነዚህ ሰዎች ያልተማሩ፥ ሐኪም የራቃቸው ወይም ቀለብ ያነሳቸው አልነበሩም። ራሳቸው ሐኪሞች ነበሩ። ዕውቀትና ማዕርግ ከትካዜ እንደማይከለክል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

እንግዲህ ይህ የወንዶች ታሪክ ነው፤ የሴቶችስ ነገር እንዴት ነው የሚል ይኖራል። በዚያው በአሜሪካ አገር ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 39 ዓመት የሆኑ 7,641 ወንዶችና ሴቶች ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎባቸው፥ ውጤቱ በ2011 ዓ.ም. ታትሟል። በዚህም ምርመራ ድብርት ያለባቸው ወይም ከዚያ በፊት ሕይወታቸውን ሊያጠፉ የሞከሩ ሴቶች፥ ከሌሎቹ ይልቅ በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞታቸው ነገር ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ በወንዶቹም ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ሆኖም አንባቢ እንዳይደነግጥ አንድ ነገር እንጨምር። በዚህ ዕድሜ በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው በቍጥር ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን አሁንም ጥቂት ነው። ስለዚህ የተከዘ ወጣት ሁሉ የልብ ሕመምተኛ ይሆናል ብሎ መፍራት አይገባም፤ ነገሩን ንቆ መተውም አይገባም።

በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሰጡትን መልስ መርምረው ነበር። ከአምስቱ አንዱ ያህል ድብርት እንዳለበት ወይም ልቡ ብዙ ጊዜ እንደሚከብደው ተናግሯል። በወር ውስጥ ዐሥራ አራት ቀንና ከዚያም በላይ ሐሳብ ያስጨነቃቸው ሰዎች፥ ምንም ካላስጨነቃቸው ይልቅ የልብና የደም ሥር ሕመም በሁለት እጥፍ ያህል ተገኝቶባቸዋል። በርግጥ ይህ ምርመራ በአንድ ጊዜ ተጠይቆ የተገኘ መልስ ስለ ሆነ፥ ትካዜው ቀድሞ ይሁን ሕመሙ ቀድሞ አይለይም። የባልቲሞሩ መዝገብ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ ወጣቱን ከጤንነቱ ጀምሮ ስለ ተከታተለ የቀደመውን ከተከተለው ለይቶ አሳይቷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ብርቱ ድብርት የያዛቸውን ወጣቶች ልባቸው ከጊዜው በፊት ሊጎዳ ከሚችሉት መካከል ቈጥሯቸዋል።

የማይታይ ሐሳብ የሚታየውን ሥጋ እንዴት ይጎዳል? ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው መንገድ በሰውነት ውስጥ ነው። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲጨነቅ እነዚህ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉትን ቅመሞች ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ፈጥኖ ይመታል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ስኳር በደም ውስጥ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ለመሮጥ ወይም ለመዋጋት ለተዘጋጀ ሰው የሚጠቅም ነው። ነገር ግን ክተት ተብሎ ዘመቻው ካልቀረበት፥ ሠራዊቱም ከዓመት እስከ ዓመት በተጠንቀቅ ከቆመ፥ አገሩን የሚያራቍተው ራሱ ሠራዊቱ ነው። የተከዘ ሰው ሰውነትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ይኖራል። የደም ሥሮቹ የውስጥ ልባስ ይቈጣል፤ ደምን የሚያረጉት ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን አካላት ለመያያዝ ይቸኵላሉ፤ ስቡም በሥሩ ግድግዳ ላይ እየተከማቸ መንገዱን ያጠብበዋል።

ሁለተኛው መንገድ በኑሮ ላይ ነው። ልቡ የከበደው ሰው በእግሩ መሄድን ይተዋል፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ ሐሳቡን ለማስታገሥ ትምባሆ፥ መጠጥ ወይም ጫት ያበዛል፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ይዘነጋል። እነዚህም እያንዳንዳቸው ለልብ ጠላት ናቸው። እንግዲህ የወዳጃችን ልጅ ሐኪም ከደም ግፊት ተነሥቶ ወደ እንቅልፍና ወደ ሐሳብ መሻገሩ ከሥራው መውጣት አልነበረም፤ ሥራውን ማወቁ ነበር።

መንገዱ ደግሞ ወደዚያም ወደዚህም ያስኬዳል። ትካዜ ልብን እንደሚጎዳ፥ የታመመም ልብ ትካዜን ይጠራል። በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ ድንገተኛ የልብ ሕመም አግኝቷቸው የዳኑ 222 ሰዎች ተመርምረው በ1993 ዓ.ም. እንደ ተጻፈው፥ በሆስፒታል ሳሉ ድብርት የያዛቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ የመሞታቸው ነገር ካልያዛቸው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። ስለዚህ ልቡን ታሞ የተነሣ ዘመድ ያለው ሰው፥ መድኃኒቱን ዋጠ ወይ ብሎ ብቻ ሳይሆን፥ መንፈሱስ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ አለበት።

ትካዜውን ማከም ልብን ያድናል ወይ? እዚህ ላይ ከእውነት የበለጠ ተስፋ ልንሰጥ አንወድም። በአሜሪካ 2,481 የልብ ሕመምተኞች የገቡበት ምርመራ በ2003 ዓ.ም. ሲታተም፥ በምክር የሚሰጠው ሕክምና ትካዜውን ቢያቃልልም፥ ሞትንና ተመልሶ የሚመጣውን የልብ ሕመም የሚቀንስ ሆኖ አልተገኘም። በኮርያ አገር ግን ድንገተኛ የልብ ሕመም ካገኛቸው በኋላ ድብርት የያዛቸው 300 ሰዎች፥ እኩሌቶቹ ለ24 ሳምንት የድብርት መድኃኒት፥ እኩሌቶቹም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ተሰጥቷቸው፥ ስምንት ዓመት ያህል ከተከታተሏቸው በኋላ በ2018 ዓ.ም. ውጤቱ ታተመ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶው 41 ያህሉ፥ ካልወሰዱት ከመቶው 54 ያህሉ ብርቱ የልብ አደጋ ወይም ሞት ደርሶባቸዋል። እንግዲህ ጉዳዩ ገና ተፈርዶ ያለቀ አይደለም። ነገር ግን ትካዜ ራሱን ችሎ የሚያሠቃይ፥ የሰውን ሥራና ትዳር የሚያፈርስ፥ አልፎም ሕይወትን የሚያስጠፋ ሕመም ስለ ሆነ፥ ለልብ የሚሰጠው ጥቅም ቢቀር እንኳ ሕክምናው የተገባ ነው።

ይህን ካልን ዘንድ ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ጥቂት ምክር እንጨምራለን። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ወጣት በቤታችሁ ካለ፥ ከመገሠጽ በፊት ጠይቁት። ጥያቄውም በሰው ፊት አይሁን፤ በመንገድ አብራችሁ ስትሄዱ ወይም ሌላው ሰው ሲተኛ ይሁን። ሲናገርም አታቋርጡት። እኔ በአንተ ዕድሜ የሚለው ንግግር አፉን ይዘጋበታል እንጂ አይከፍተውም። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልተሻለው ወደ ሐኪም ይሂድ። ሐኪሙ ደሙን ይመረምራል፤ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሕመም ትካዜን የሚመስል ድካም ሊያመጡ ይችላሉና። የደም ግፊቱም ይለካ፤ ከፍተኛ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ምልክት ይኖራልና። የድብርት ሕክምና በምክርም በመድኃኒትም ይሰጣል። መድኃኒቱ በአንድ ቀን አይሠራም፤ ጥቅሙ የሚታወቀው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ታማሚው ተስፋ ቈርጦ እንዳይተወው፥ ተሽሎኛል ብሎም ሐኪሙን ሳይጠይቅ በድንገት እንዳያቆመው አስታውሱት። ወደ ጠበል የሚሄድም ሰው ቢሆን መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ አንዱ ሌላውን የሚከለክል አይደለም።

ሁለት ነገሮች ግን ለነገ አይባሉም። ወጣቱ ስለ ሞት የሚናገር ወይም መኖሬ ለማንም አይጠቅምም የሚል ከሆነ፥ ብቻውን አትተዉት፤ በቤት ያለውን የጦር መሣሪያና የተባይ መርዝ ከእጁ አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። እንደዚሁም ደረቱን ተጭኖ የሚይዝ፥ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከላበትና ከትንፋሽ ማጠር ጋራ ቢያገኘው፥ ገና ወጣት ነው ብላችሁ አትዘግዩ።

በአገራችን ይህን ሕመም መሰወር የተለመደ ነው። የቤተ ሰብ ስም ይጠፋል፥ የልጁ ጋብቻ ይሰናከላል፥ ሹመቱ ይቀራል ተብሎ ይፈራል። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለሆድና ለእግር ሕመም ብቻ አይደለም። የልጅን ትካዜ ከጎረቤት ለመሰወር ሲሉ ከሐኪም መሰወር፥ ለስም ብሎ ባለ ስሙን ማጣት ነው።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ሰባት ወር ሙሉ ሰነፍ ስለው ኖሬአለሁ» አሉ። እኛም ካለፈው ሰባት ወር የሚመጣው ሰባት ዓመት ይበልጣል ብለን መለስንላቸው። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ማታ ማታ ከልጃቸው ጋራ በእግር መሄድ እንደ ጀመሩ፥ ልጁም ወደ ሐኪሙ መመላለስ እንዳልተወ ነገሩን። «በመጀመሪያው ማታ እንዴት ነህ ልጄ ብዬ ጠየቅሁት፤ ደኅና ነኝ አለኝ። በሁለተኛውም ማታ ደኅና ነኝ አለኝ። በአራተኛው ማታ ግን ቆም ብሎ፥ አባባ፥ እውነቱን ልንገርዎ ወይ አለኝ» አሉ። ልጁ የነገራቸውን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።